ወ/ሮ ጂቱ በዳዳ፦ ከየካ አባዶ እስከ እሽቅድምድሙ ሜዳ
(1937 – 1982 ዓ.ም.)

በጥር ወር 1937 ዓ.ም. ገብስ በሚወቃበት ሰሞን፣ ለየካ አባዶው ገበሬ ለአቶ በዳዳ ሰቦቃና ለባለቤታቸው ለወ/ሮ ጫልቱ ኤጀታ የመጀመሪያ ልጅ ተወለደችላቸው። ስሟንም ጂቱ አሏት። ቤታቸው ኦሮምኛና አማርኛ እኩል የሚነገርበት ቤት ነበር። እናታቸው የልጃቸውን ሕፃንነት ሲያነሡ፣ "ጂቱን አዝዬ ከቆምኩ ታለቅሳለች፤ ስራመድ ዝም ትላለች" ይሉ ነበር። ይህ ጠባይ አድገውም አልተዋቸውም።

አባታቸው እርሻውን ሳይተዉ አንድ አሮጌ የጭነት መኪና ገዝተው ከእንጦጦ ጋራ የባሕር ዛፍ እንጨት ወደ ከተማ ያመላልሱ ጀመር። ወ/ሮ ጂቱ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የሚገኙት ከዚያ መኪና ላይ ነው። ቁልቁለት ላይ ማርሽ እንዴት እንደሚቀነስ፣ የጋለ ፍሬን ምን ምን እንደሚሸት ከአባታቸው የተማሩት እግራቸው ፔዳሉ ጋ ሳይደርስ ነው።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በኮተቤ፣ ሁለተኛ ደረጃውን በከተማ ተከታትለው፣ በጽሕፈት ሥራ ሠልጥነው በ1956 ዓ.ም. በአንድ የመድን መሥሪያ ቤት ተቀጠሩ። ወንበር ላይ መዋል ግን አልሆነላቸውም። ቁጭ ብለው ብዙም ሳይቆዩ ይነሣሉ፣ መስኮት ከፍተው ይመለከታሉ፣ ኮሪደር ወጥተው ይመለሳሉ። አለቃቸው አንድ ቀን፣ "አንቺ ልጅ፣ ወንበሩ ይወጋሻል እንዴ?" ቢሏቸው፣ "አዎ ጌታዬ፣ ይወጋኛል" ብለው መለሱ። ደጋግመው ለምነውም ወደ ጉዳት ምርመራ ክፍል ተዛወሩ። በዚያ መሥሪያ ቤት የተጋጩ መኪኖችን እየዞሩ የመረመሩ የመጀመሪያዋ ሴት እሳቸው ናቸው። ገደል የገባ፣ ግንብ የደረመሰ፣ ከኋላ የተደፈጠጠ፣ ያላዩት ዓይነት አደጋ አልነበረም። "መኪና የሚጋጨው መሮጥ አቅቶት አይደለም፤ መቆም አቅቶት ነው" የምትለው አነጋገራቸው ከዚያ ሥራ የመጣች ናት።

በ1959 ዓ.ም. ከሒሳብ መምህሩ ከአቶ አዱኛ ወልደ ኢየሱስ ጋር በወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ተጋቡ። አቶ አዱኛ እርጋታ የተላበሱ ሰው ናቸው። ሁለቱን አንድ ላይ ያየ ሁሉ እንዴት እንደተግባቡ ይገረም ነበር። ወንድ ልጃቸው ሰሎሞን በ1961፣ ሴት ልጃቸው ዘውድነሽ በ1964 ዓ.ም. ተወለዱላቸው።

በ1971 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያናቸው በመንግሥት ትእዛዝ ተዘጋ፤ በዚያ ያገለግሉ የነበሩት አቶ አዱኛም ከሌሎች አገልጋዮች ጋር ተይዘው ታሰሩ። መቼ እንደሚፈቱ የሚያውቅ አልነበረም። ወ/ሮ ጂቱ ጠዋት ስንቅ አድርሰው፣ ቢሮ ውለው፣ ልጆች አብልተው፣ አሁንም አይቀመጡም። የታጠበውን መልሰው ያጥባሉ፤ የቤቱን ዕቃ ከግድግዳ ግድግዳ ይለዋውጣሉ። ልጆቹን ለማገዝ አብሯቸው መኖር የጀመረው ታናሽ ወንድማቸው ከበበ፣ "እባክሽ ትንሽ እረፊ" ሲላቸው፣ "ከቆምኩ ማሰብ እጀምራለሁ" ይሉት ነበር።

በዚህ መካከል ነው አንድ የሥራ ባልደረባቸው ስለ መኪና ስፖርት ወዳጆች ስብስብ የነገሯቸው። ስብስቡ ከከተማ ወጣ ብሎ ባለ፣ አገልግሎት ባቆመ የአውሮፕላን መንደርደሪያ ላይ አልፎ አልፎ እሑድ ይገናኛል። በርሜልና አሮጌ ጎማ ደርድረው ጥምዝምዝ መንገድ ያበጃሉ። መኪናው ተፈትሾ ያለፈለት ሰው ሁሉ፣ እግረኛና እንስሳ በሌለበት፣ አቅሙ የፈቀደውን ያህል ይነዳል። ወ/ሮ ጂቱ ይህን እንደሰሙ መኪና ፍለጋ ወጡ።

በደመወዝተኛ አቅም የሚገዛ የስፖርት መኪና በዚያ ዘመን ብዙ አልነበረም። ሁለት ተገኙ። አንዷ አገር ለቅቆ የሚሄድ ሰው የሚሸጣት ቀይ አልፋ ሮሜዮ ናት። ድምፅዋ ልብ ይሰርቃል፤ ከበበም ገና ሲያያት ወደዳት። ሁለተኛዋ ቀለሟ የደበዘዘ ትንሽ ፊያት 850 ኩፔ ነበረች። ወ/ሮ ጂቱ ሁለቱንም ያዩት እንደ ተጋጨ መኪና ነው። ምንጣፍ ገልጠው ወለሉን በጥፍራቸው ፋቁ፤ ዝገቱ ላይ ላዩን ይሁን ዘልቆ የበላው አረጋገጡ። መሪውን ለቀው ወደየት እንደምትስብ አዩ። ከነዷት በኋላ ጎማዎቹን አንድ በአንድ ዳሰሱ። አልፋዋ ጤነኛ ብትሆንም መለዋወጫዋ የሚገኘው ባሕር ማዶ ነበር። የፊያቷ ዕቃ ግን ብዙው ሰይቸንቶ ከሚባለው የፊያት ታክሲ ዕቃ ጋር ስለሚቀራረብ ከሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ገበያ አይጠፋም። ክብደቷም ቀላል ነው፤ የፊት ፍሬኗም ባለ ዲስክ ነው።

ከበበ ቅር ብሎት፣ "ቀይዋ ብትሆን ምን አለበት?" ቢላቸው፣ "ቀይዋን ገዝቼ ደጃፌ አቁሜ አያታለሁ፤ ይህችን ግን እነዳታለሁ" አሉት። በ1972 ዓ.ም. ፊያቷ የካ ወዳለው ቤታቸው ገባች።

ለውድድር ያዘጋጇት ጋራዥ የነበራቸው ጎረቤታቸው አቶ ኢታና ናቸው። አቶ ኢታና ኮፈኑን ከፍተው፣ "መጀመሪያ ሞተሩን እንቀስቅሰው" አሉ። ወ/ሮ ጂቱ እምቢ አሉ። "መጀመሪያ እንድትቆምልኝ ነው የምፈልገው።" ስለዚህ የፍሬን ሸራው ሁሉ ተቀየረ፤ ዘይቱ ተደፍቶ በአዲስ ተተካ፤ ቱቦዎቹ ተለወጡ። ቀጥሎ ጎማ፣ ከዚያ ራዲያተር ሆነ። ሞተሯ ከኋላ ስለሆነና ቶሎ ስለምትግል የውኃው ነገር ብዙ አስጨነቃቸው። ጠንካራ የወገብና የትከሻ ቀበቶ አሰፉ። ክብደት ለመቀነስ ምንጣፉን፣ የኋላውን ወንበርና ከሾፌሩ ጎን ያለውን ወንበር አወጡ። ሞተሯ የተነካችው ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው።

ቤንዚን በኩፖን ነበርና ያጠራቀሟትን ይዘው በሽሮ ሜዳ በኩል እንጦጦ እየወጡ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑን ይሞክሩ ነበር። አንድ ቅዳሜ የቀበሌ ጠባቂዎች አስቆሟቸው።

"ከጠዋት ጀምሮ ትወጫለሽ፣ ትወርጃለሽ። ማንን ነው የምትጠብቂው?"

"ማንንም። ፍሬን እየሞከርኩ ነው።"

"ፍሬን ለመሞከር ይሄን ሁሉ መመላለስ?"

መልሳቸው አላሳመነም። ቀበሌ ተወስደው አደሩ። ከበበ በማግስቱ ሲደርስ የቀበሌው ሊቀመንበር ፊት ቆመው ነበር፤ ተቀመጪ ቢባሉም አልተቀመጡም። ሊቀመንበሩ፣ "ባልሽ ታስሮ አንቺ በስፖርት መኪና ትዝናኛለሽ?" አሏቸው። ወ/ሮ ጂቱ፣ "ጓድ ሊቀመንበር፣ ቤት ስገባ ግድግዳው ይጠበኛል። ባሌን መፍታት በእጅዎ ካልሆነ መንገዱን እንኳ ይተዉልኝ" ሲሉ መለሱ። ከበበ በዚያች ደቂቃ እኅቱንም ያጣ መስሎት ነበር። ሊቀመንበሩ በሩን እያሳዩ፣ "ሂጂ። እንጦጦ ላይ እንዳላይሽ" አሏቸው። በተከታዩ ሳምንት ወ/ሮ ጂቱ በኮተቤ በኩል ሌላ ቁልቁለት አገኙ።

አቶ አዱኛ በ1973 ዓ.ም. ተፈቱ። ከስተው ነበር። ቤተሰቡን ያሳሰበው ግን ሌላ ነው። አቶ አዱኛ ከቤት መውጣት አቃታቸው። ፊታቸውን ወደ በር መልሰው ይቀመጣሉ፤ በሩ ሲንኳኳ ይነሣሉ፤ መልሰው ይቀመጣሉ። ሚስት መቀመጥ አይችሉም፣ ባል መውጣት አይችሉም። ወ/ሮ ጂቱ ይለምናሉ፣ ይቆጣሉ፣ ደጅ ወጥተው ያለቅሳሉ። አንዱ ሌላውን የሚረዳበት መንገድ የጠፋበት ጊዜ ነበር።

አንድ ቀን አቶ አዱኛ በራሳቸው ፈቃድ እስከ ግቢው ድረስ ወጡ። ፊያቷን ዞር ዞር ብለው አዩአት፤ በመስኮቷ ወደ ውስጥ ተመለከቱ።

"ጂቱ፣ የኔ መቀመጫ የታለ?"

"ክብደት ለመቀነስ ነው ያወጣሁት።"

"እኔ እንኳ አልከብድም" አሉ አቶ አዱኛ፤ "ቀንሼ ነው የመጣሁት።"

ወ/ሮ ጂቱ ቁልፉን አነሡ። በዚያው ከሰዓት በኋላ መኪናዋን አቶ ኢታና ጋራዥ አስገብተው ወንበሩን አስመለሱ። አቶ ኢታና፣ "ያን ሁሉ የለፋንበትን? ፍጥነት ይቀንስብዎታል እኮ" ቢሏቸው፣ "ይቀንስ" ብለው ብሎኑን ራሳቸው አጠበቁ።

በበነጋው ባላቸውን አስቀምጠው፣ የቀበሌውን ማስጠንቀቂያ ረስተው፣ እንጦጦን ወጡ። አቶ አዱኛ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በሩን አንቀው፣ መዝሙር በለሆሳስ ይሉ ነበር። ከጋራው አናት ሲደርሱ ወ/ሮ ጂቱ ባላቸውን ማሳረፍ ፈልገው መኪናዋን አቆሙ። አቶ አዱኛ ዓይናቸውን ገለጡና፣ "ለምን ቆምሽ?" አሉ። ከዚያን ቀን ወዲያ ደጅ መውጣት ቀስ በቀስ ቀለላቸው፤ በ1974 ዓ.ም. መጀመሪያም ወደ ማስተማር ሥራቸው ተመለሱ።

በዚያው ዓመት በጥር ወር ወ/ሮ ጂቱ ለመጀመሪያ ጊዜ መንደርደሪያው ላይ ተወዳደሩ። ከተወዳዳሪዎቹ መካከል ሴት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ጠዋት በሙከራው ላይ ጥምዘዛ መሐል ደንግጠው እግራቸውን ከነዳጁ አነሡ። ሞተሯ ከኋላ ያለ መኪና እንዲህ ሲደረግባት ጀርባዋ ይቀድማል፤ ፊያቷም ዞራ ፊቷን ወደ መጣችበት መልሳ ቆመች። ከአዘጋጆቹ አንዱ፣ "እመቤቴ፣ ለዛሬ ይብቃዎት" አሏቸው። እሳቸው ሞተሩን አስነሥተው፣ "ገና አሁን ጠባይዋን ነገረችኝ" ብለው ተመለሱ።

በዋናው ውድድር ትልልቆቹ መኪኖች ቀጥታው ላይ ጥለዋቸው ሄዱ። ዙሩ ሲደጋገም ግን የትልልቆቹ ፍሬን እየጋለ በየመታጠፊያው ወደ ውጭ ይንሸራተቱ ጀመር። ወ/ሮ ጂቱ ነዳጁን ሳይለቁ፣ መስመራቸውን ሳይስቱ አንድ በአንድ አለፏቸው። ሁለተኛ ወጡ። ወንድማቸው ከበበ ሲጮኽ፣ አቶ አዱኛ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፍነው፣ "አለቀ? በሕይወት አለች?" ይሉ ነበር። አቶ ኢታና ቀርበው፣ "ወንበሩ ነው አንደኝነቱን ያስቀረብዎት" ቢሏቸው፣ ወ/ሮ ጂቱ ባላቸውን አሳይተው፣ "እሱ ከቤት ወጥቶ ፀሐይ ላይ ቆሟል፤ ሌላ ምን ላሸንፍ?" አሏቸው።

ከዚያ በኋላ ጥቂት ጊዜ ተወዳድረዋል። የነዳጁ ነገር እየጠበበ ሲመጣ ስብስቡ ተበተነ፤ ፊያቷም በ1976 ዓ.ም. ተሸጠች። በ1977 ዓ.ም. ድርቁ ሲበረታ ከመሥሪያ ቤታቸው ፈቃድ ወስደው እህል ከሚያመላልሱ የእርዳታ መኪኖች ጋር ወሎ ዘመቱ። ወደ ወሎ የሚወስደውን የጣርማ በር ቁልቁለት ለሚወርድ ለእያንዳንዱ ጭነት መኪና ፍሬኑን ራሳቸው ሳይፈትሹ አይለቁም ነበር። ሾፌሮቹ መጀመሪያ ተቆጡ፤ በኋላ "እማማ ፍሬን" አሏቸው።

በ1981 ዓ.ም. የጡት ነቀርሳ እንዳለባቸው ታወቀ። ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው፤ ሕመሙ ግን ተመለሰ። ሐኪም ተኙ ሲላቸው በግቢው ይዘዋወሩ፣ አልጋቸውን ከክፍል ክፍል ያስለውጡ ነበር። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ሴት ልጃቸው ዘውድነሽ እጃቸውን ይዛ አብራቸው ትራመድ ነበር፤ መራመድ ሲያቅታቸውም በእሳቸው ምትክ ትራመድላቸው ዘንድ ጠየቋት፤ እሷም እያዩአት ትራመድ ነበር። ሚያዝያ 19 ቀን 1982 ዓ.ም. ጠዋት፣ ቤተሰባቸው በተሰበሰበበት፣ በተወለዱ በ45 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ተለዩ።

ወ/ሮ ጂቱ ባለቤታቸውን አቶ አዱኛ ወልደ ኢየሱስን፣ ልጆቻቸውን ሰሎሞንንና ዘውድነሽን፣ እናታቸውን ወ/ሮ ጫልቱን፣ ይህን ታሪክ የጻፈውን ወንድማቸውን ከበበን ትተውልን ሄደዋል።

ለሐዘንተኞች ሁሉ እግዚአብሔር ብርታት ይስጥ። ዕረፍት የሚባለውን ነገር ብዙም ሳይወዱት የኖሩትን እኅታችንን፣ እሳቸው በሚወዱት ዓይነት ያሳርፍልን፤ ደጁ ሰፊ በሆነ፣ ግድግዳ በማይጠብበት አገር።