ንጉሡ ሠ የጠፋበት ሰሌዳ

አርባ ምንጭ፣ ኅዳር 2008 ዓ.ም.

ውድ ሰይፈሥላሴ፣

ወደ ገረሴ በሚወጣው መኪና የላክሁልህን ሰሌዳ ከጨርቁ ሳታወጣ ይህን አንብብ።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በልክነሽ የእንጨት ሥራ ቤት እንደምውል ታውቃለህ። አዎ፣ ያቺ አንተም እኔም ያስተማርናት ልክነሽ። በኮምፒውተር እየታዘዘ እንጨት የሚቀርጸውን ሲኤንሲ ማሽን ካስመጣች ጀምሮ ከአጠገቡ አልጠፋሁም። ኮርስ አልወሰድኩም፤ ቪዲዮ እያየሁ፣ የሥዕሉን ፕሮግራም እየነካካሁ፣ እያበላሸሁ ተማርኩ። አንድ ቀን የእንጨቱ ገጽ የት እንደሚጀምር ሳልነግረው አስነሣሁትና መቁረጫው ጠረጴዛውን በሳው። ያንን እንኳ እየሳቅሁ ነግሬሃለሁ። በስልክም "ያለ አስተማሪ ተማርኩ" እያልኩ ስንቴ ተኩራራሁብህ!

አንተም የጓሮህን ዋንዛ አስጠርበህ፣ ለበርህ ስምህን እንድቀርጽበት ላክህልኝ። "አንድ ፊደል ብትስት ዜሮ ነው የምሰጥህ" አልከኝ።

ስምህን በኮምፒውተሩ ስጽፍ እሳቱ ሰ ወዲያው ወጣልኝ። ንጉሡ ሠ ግን ከየትኛው ቁልፍ ሥር እንደተደበቀ አጣሁት። ልክነሽ አጠገቤ በር ትልግ ነበር።

"ቲቸር፣ የጎደለ ነገር አለ?"

"ምንም የለም።"

ያስተማርኳትን ልጅ ፊደል መጠየቅ ሞት መሰለኝ። ማን ያስተውለዋል ብዬ "ሰይፈስላሴ" ብዬ አዘዝኩት። ማሽን እንደኛ አይቆጣም፤ ያሉትን ይቀርጻል።

ልክነሽ ብናኙን በመዳፏ ጠርጋ አነበበችና ቀጥ አለች። በልጅነቷ እኔው ባስያዝኳት ዜማ፣ "ሰይፍ በእሳቱ፣ ሥላሴ በንጉሡ" አለች። ቀጠለችና፣ "ቲቸር፣ ንጉሡን አውርደው እሳቱን አነገሡት እኮ!" ብላ ሳቀች።

እኔ አልሳቅሁም። ፊቴን አይታ ሳቋን ተወችው።

"ለምን አልጠየቁኝም?"

"የማይጠይቅ አይማርም" እያልኩ ያረጀሁት እኔ ነኝ።

ሌላ ዋንዛ ከየት ይምጣ? ያው የጓሮህ አንድ ጣውላ ነው። ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩና "አሳዪኝ" አልኳት። አሳየችኝ። ሰሌዳውን ገልብጠን በሌላው ፊቱ ቀረጽነው።

ስትሰቅለው ትክክለኛው ወደ መንገዱ ይዙር። አስቀድመህ ግን ጀርባውን እይ። ቀዩን እስክሪብቶህን አውጣና እንደ ቃልህ ዜሮዬን ጻፍልኝ። "ያለ አስተማሪ" ያልኩህንም አብረህ ሰርዝ።

የልክነሽ ተማሪ፣
ታዴዎስ