ከእትዬ ፊዳንካ ቤት ስለ ወረዱት ዝንቦች

ለተከበሩ ቬንሴስላቭ ፒንዴቭ፣
የቬትሮቮ ከተማ ማዘጋጃ ቤት የንጽሕናና የነዋሪዎች ጤና ክፍል ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እንቅልፍዎስ? ምግብዎ ምንም ነገር ሳያርፍበት ከአፍዎ እንደሚደርስ፣ ቢሮዎም መስኮቱ መረብ ያለው፣ ከበሩ ውጭ የሚጮኽ ሰው የማይሰማበት ጸጥ ያለ ሥፍራ እንደ ሆነ ሙሉ ተስፋ አለኝ። እኛ በስድስት ቁጥር ሕንጻ፣ በሁለተኛው መግቢያ የምንኖር ነዋሪዎች ከአንዲት ጎረቤታችን በቀር ሁላችንም ደኅና ነን። እኒያም ከእኔ በላይ በአምስተኛው ፎቅ ይኖሩ የነበሩት እትዬ ፊዳንካ ናቸው። እሳቸው ሞተዋል። ይህን ደብዳቤ በከተማው ጋዜጣ ለማውጣት የተነሣሁትም ክፍልዎ የሞቱበትን ቀን ስለ ቀየረብን ነው።

ክቡርነትዎ ሥራ እንደሚበዛብዎ ስለማውቅ ምስጋናዬን በቁጥር በቁጥር ለይቼ አቀርባለሁ።

አንደኛ። ለመጀመሪያው ማመልከቻዬ ስለ ሰጡኝ ፈጣን መልስ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሐምሌ ላይ የነቢዩ ኤልያስ በዓል ባለፈ በሳምንቱ፣ አንድ ጧት ወጥ ቤት ስገባ መስኮቱ ላይ ጥቁር መጋረጃ የተሰቀለ መሰለኝ። ዝንብ ነበር። በየሰዉ ቤት የሚዞረው ዓይነት አይደለም፤ ወፍራም፣ አረንጓዴ የሚያብለጨልጭ፣ ሲመቱት እንኳ ለመነሣት የሚሰንፍ። ባለቤቴ ሜቶዲ አየውና «ይሄ የሆነ ቦታ ጠግቦ የመጣ ነው» አለኝ፤ እኔም ቁርሴን እየበላሁ ስለ ነበር ዝም በል አልኩት። ሆምጣጤና ስኳር በብርጭቆ አስቀመጥሁ፤ ሙጫ የተቀባ ወረቀት ከመብራቱ ላይ አንጠለጠልሁ፤ ምድጃውን ጎትቼ ከጀርባው ያለውን ሁሉ በፈላ ውኃና በበረኪና አጠብሁ። በማግሥቱ እጥፍ ሆነው ጠበቁኝ። ከየት እንደሚገቡ የደረስንበት፣ ሜቶዲ ከምድጃው በላይ ያለውን የአየር መውጫ በፎጣ በወተፈው ጊዜ ነው፤ ፎጣው ከጀርባው እየተገፋ ይርገበገብ ጀመር። ያ መውጫ ከምድር ቤት እስከ ጣራ የሁላችንንም ወጥ ቤት የሚያገናኝ አንድ ጉድጓድ ነው። ከእኛ በላይ ደግሞ የእትዬ ፊዳንካ ወጥ ቤት ብቻ ነው ያለው።

እትዬ ፊዳንካ በየዓመቱ በዚያ ሰሞን የመስኮታቸውን መዝጊያ አውርደው ወደ ገጠር ቤታቸው ይሄዳሉ፤ ቃሪያውንና ቲማቲሙን ለበረዶው ወራት በጠርሙስ አሽገው ብርድ ሲመጣ ይመለሳሉ። ዘንድሮም ደረጃ ላይ አግኝተውኝ «ነገ እሄዳለሁ፣ የፖስታ ሳጥኔን አደራ» ብለውኛል፤ በማግሥቱም መዝጊያው ወርዷል። በእኛ አገር በነሐሴ ወር መዝጊያው የወረደ ቤት ባዶ ቤት ነው፤ ይህን ሕፃን ያውቀዋል። ስልካቸው ዝግ ቢሆን አልገረመንም፤ ገጠር ሲወርዱ ሁልጊዜም ዝግ ነው። ስፔን ያለው ልጃቸውም በስልክ «እናቴ እኮ አትክልቷ ዘንድ ናት፣ ምን ትሆናለች?» አለን። እንግዲህ ሥጋ ነገር ረስተው ሄደው ይሆናል ብለን፣ ቤቱ በሕግ ሰው ፊት ይከፈትልን ስል ለክቡርነትዎ አመለከትሁ።

ክቡርነትዎም ቤቱ የግል ንብረት በመሆኑ ሊከፈት የሚችለው በባለቤቷ የጽሑፍ ፈቃድ ብቻ ስለ ሆነ፣ አመልካቿ የወይዘሮ ፊዳንካን ፊርማ ይዘው እንዲቀርቡ፣ እስከዚያውም መስኮታቸው ላይ በሶብላ እንዲተክሉ ሲሉ መከሩኝ። በሶብላውን ተከልሁ። ዝንቦቹ ወደዱት፤ ሲደክማቸው እላዩ ላይ ያርፋሉ።

ሁለተኛ። ለሁለተኛው ማመልከቻዬ ስለ ሰጡኝ መልስ የማመሰግንበት ቃል አጥቻለሁ። በሕንጻችን የማሞቂያው ቧንቧ በየቤቱ ያልፋል፤ ያን ቧንቧ በማንኪያ መምታት ምን ማለት እንደ ሆነ እንደኛ ባለ ሕንጻ ያደገ ሁሉ ያውቃል። ድምፅ ቀንሱ ማለት ነው። ዝንቡ በመጣ ሰሞን ቧንቧው ይመታ ጀመር፤ ሜቶዲም የኳሱን ጨዋታ ድምፅ ቀነሰ። ምቱ ግን አላቆመም። የመግቢያችን ተጠሪ ጋሽ ጋንቾ ከሁለተኛ ፎቅ ወደ ደረጃው ወጥቶ «ማነው ይሄን ቧንቧ የሚቀጠቅጠው? ሰው ምሳውን በልቶ ጋደም አይልም?» ብሎ ጮኸ። ከፊት ለፊቱ ያለችው ሴትዮ «አንተው ነህ እንጂ ሌላ ማን አለ፣ አንተ ጨቅጫቃ» አለችው። ከዚያ በኋላ እርስ በርስ ተኳረፍን፤ ተኳርፈንም ጸጥ አልን። ሬዲዮ ዘጋን፣ ልጆቹን አስወጣን፣ ወለሉ ላይ በካልሲ ሄድን። ምቱ በቀጠለ ቁጥር እኛ ጸጥታውን ጨመርንበት። ሕንጻችን ከተሠራ ጀምሮ እንደዚያ ያለ ጨዋነት አላየም። ከቀናት በኋላ ምቱ እየላላ፣ አንዴ ሁለቴ ብቻ እየሆነ ሄዶ ቆመ። ጋንቾም «እሰይ፣ በመጨረሻ ጠገበ» አለ፤ እኔም እሰይ አልሁ።

እዚህ ላይ ማሾፉ አልሆነልኝም፣ ክቡር ሆይ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ያን እሰይ ያልሁበትን አፌን በምን እንደማጥበው አላውቅም።

ቢሆንም ምቱ ገና ሳይቆም በሁለተኛው ማመልከቻዬ ላይ «ዝንቡ ብሷል፤ ቧንቧም የሚመታ ሰው አለ፤ ከየት እንደ ሆነ አልታወቀም» ብዬ ጽፌ ነበር። ክፍልዎም በደብረ ታቦር ዕለት፣ በዓል ነው ሳይል፣ ዝንብ በእርሱ ሥር ቢሆንም ድምፅ ግን የጸጥታ ክፍል ጉዳይ በመሆኑ ሁለቱን ነገሮች ለይቼ በሁለት ወረቀት እንዳቀርብ አዘዘኝ። ዛሬ በእኛ መግቢያ ቧንቧ የነካ ሰው ጉድ ይፈላበታል። ባለፈው ሰኞ የሦስተኛ ፎቁ ሰውዬ መጋረጃ ሲሰቅል መዶሻው አዳልጦት ቧንቧውን ቢነካው፣ አምስት ሰው መጥረቢያና መፍቻ ይዞ በሩ ላይ ደረሰ። «ደኅና ነኝ፣ ኧረ ደኅና ነኝ» እያለ ወጣ። ማንም አልሳቀም።

ሦስተኛ። ተቆጣጣሪዋን ወይዘሪት ሊልያናን ስለ ላኩልን ከልብ እናመሰግናለን። ልጅቷ ጨዋ ናት፤ ጫማዋም ንጹሕ ነበር፤ ንጹሕ እንደ ሆነም ይዛው ተመልሳለች። ወደ ቤቴ ገባ ብላ በረንዳዬ ላይ ያለውን የቃሪያ መጥበሻ ስታይ ፊቷ በራ፤ «እማማ፣ ምንጩ ይሄው ነው» አለችኝ። በነሐሴ ወር ቀይ ቃሪያ በረንዳው ላይ የማይጠብስ ሰው በዚህ ከተማ ካለ እሱ ታሟል ማለት ነው። «ልጄ፣ ዝንቡ ከላይ ነው የሚመጣው፤ አንድ ፎቅ ውጪና በሩን አሽትቺ» ብዬ ለመንኋት። እሷም ወረቀቷን ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ «ላይ የተመዘገበ አቤቱታ የለማ» አለች። ከዚያም ሰው ሲሞትብን ማስታወቂያው በሚለጠፍበት በዋናው በር ላይ፣ ወይዘሮ ኔቭያና ቶፓሎቫ በንጽሕና ጉድለት ዝንብ እንዲራባ በማድረጓ ማስጠንቀቂያ እንደ ተሰጣት የሚናገር ወረቀት ለጥፋ ሄደች። ከተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ እኔ ግን አፌን መዝጋት ስላልቻልሁ የደረሰብኝን ተቀብያለሁ።

አራተኛ። በሩን ስላልከፈቱልን አመሰግናለሁ፤ ራሳችን እንድንከፍተው ዕድል ሰጥተውናል። በፍልሰታ በዓል ማግሥት አንድ የገጠር ሰው ሁለት ሣጥን ቲማቲም ተሸክሞ ደረጃውን ወጣ፤ የእትዬ ፊዳንካ የገጠር ጎረቤት ነው። «ምነው ዘንድሮ ቀሩብን? ቲማቲማቸው መሬት ላይ እየበሰበሰ ነው፤ ያተረፍኩላቸውን ይዤ መጣሁ» አለ። ደረጃው ላይ አብሮን የነበረው ጋንቾ ወርዶ መጥረቢያውን ይዞ ተመለሰ።

ያየሁትን ሁሉ አልነግርዎትም፤ ምሳዎን ገና አልበሉ ይሆናል። ለመንገድ ሊሠሩት የገዙት የተፈጨ ሥጋ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ቀርቷል። እሳቸው የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሮ በመስኮቱ ሥር፣ ማሞቂያው አጠገብ ወድቀዋል፤ ማንኪያው ከእጃቸው አልወጣም። በአጠገባቸው አምና በስኳር ውኃ ያሸጉት የኮክ ፍሬ ጠርሙሶች ነበሩ፤ ከጠረጴዛው ሥር እየጎተቱ ሦስቱን ከፍተው ጨርሰዋል፤ አራተኛውን ክዳኑን ማላላት አቅቷቸዋል። የመጣው ሐኪም ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ አየና «ወዲያው አልሞቱም። በዚህ ነው የቆዩት። ከሞቱ ቢበዛ ሳምንት ነው» አለን። በእኛ አቆጣጠር ከደብረ ታቦር እስከ ፍልሰታ ዘጠኝ ቀን ነው፤ ሳምንት ማለት እንግዲህ ከደብረ ታቦር በኋላ ነው። በመጀመሪያው ማመልከቻዬ ጊዜ በሕይወት ነበሩ። በሁለተኛውም ነበሩ። ክቡርነትዎ ዝንቡንና ድምፁን ለይቼ እንድጽፍ ባዘዙኝም ጊዜ ከጣራዬ በላይ ተኝተው ሰው ይጠብቁ ነበር።

ሺ ዝንብ ቢሰበሰብ መግላሊት አይከፍትም ይላሉ። ዝንቦቹ ግን የሚችሉትን አድርገዋል፤ ወርደው ነግረውናል። መስማት ያቃተው ሰው ነው፤ ከሰዉም እኔ አለሁበት። በማግሥቱ የክፍልዎ ሠራተኞች ጭንብል አጥልቀው መጥተው ከምድር ቤት እስከ ጣራ መድኃኒት ረጩልን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ብሎ የተረተ ጎረቤት ነበር፤ እኔ ግን ለባለሥልጣን እንዲህ ያለ ነገር አልናገርም።

አምስተኛና የመጨረሻው። ክፍልዎ ስለ ጉዳዩ ያወጣውን መግለጫ አነበብሁ። በእርስዎ ወረቀት መሠረት እትዬ ፊዳንካ የሞቱት ለመጨረሻ ጊዜ በታዩበት ቀን ነው፤ ይኸውም ደረጃው ላይ የፖስታ ሳጥናቸውን አደራ ባሉኝ ዕለት መሆኑ ነው። ከዚያም ቀጥሎ «ሟቿ በሕይወት ሳሉ ለክፍሉ የቀረበ ምንም ዓይነት አቤቱታ የለም» ይላል። ጥሩ አማርጠው የመረጡት ቀን ነው፤ ማንንም አይነካም። እንግዲያስ ቧንቧውን ስትመታ የሰነበተችው የሞተች ሴት ናት፤ ኮኩንም የበላችው እሷው ናት። የሐኪሙ ወረቀት ከክፍልዎ ደርሷል፤ ለምን እንደማይነበብ ብጠይቅ፣ ግምት እንጂ ማስረጃ አይደለም ተባልሁ።

እኔ ካሣ አልፈልግም። ከሥልጣንዎ እንዲወርዱም አልጠየቅሁም፤ የሚተካዎት ሰው ከእርስዎ የተሻለ ስለ መሆኑ ዋስትና የለኝም። በበሩ ላይ የተለጠፈውን ስሜንም ቢፈልጉ ይተዉት። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቀኑን ይመልሱልን። እኒያ ሴት ሰው ይመጣል ብለው የጠበቁባቸው ቀኖች ነበሩ፤ ነበሩ ተብሎ ይጻፍ። እኛም የኖርንበት መግቢያ ምን እንዳደረገ፣ ማዘጋጃ ቤቱም ምን እንዳላደረገ፣ ለቀብራቸው ያልደረሰው ልጃቸው ከስፔን ሲመጣ ፊቱን እያየን እንንገረው። ሐሰት ነግረነው በእሱ ፊት መቆም አልችልም።

ጤናና ረጅም ዕድሜ፣ ቢወድቁም ቶሎ የሚሰማ ጎረቤት እንዲሰጥዎ ከልብ እየተመኘሁ፣ ከክቡርነትዎ ቢሮ የሚወጣውን እያንዳንዱን ማኅተም ዝቅ ብዬ እጅ በመንሣት፣ ሁልጊዜም ታዛዥዎና አድናቂዎ፣

ኔቭያና ቶፓሎቫ
የልብስ ስፌት ጡረተኛ፣ ስድስት ቁጥር ሕንጻ፣ አራተኛ ፎቅ

ማስታወሻ፦ እትዬ ፊዳንካን በገጠራቸው፣ ከባላቸው ከአሴን ጎን ቀብረናቸዋል። እንደ አገራችን ልማድ ባላቸው በሞቱ ጊዜ በአንድ ድንጋይ ላይ የሁለቱም ስምና ፎቶግራፍ ተቀርጾ፣ ለእሳቸው የሞት ቀን ብቻ ባዶ ቦታ ተትቶ ነበር። ጠራቢው መዶሻውን ይዞ «ስንት ብዬ ልጻፍ?» አለኝ። የእርስዎን ቀን ልሰጠው አፌ እምቢ አለኝ፤ የሐኪሙን ደግሞ ማኅተም ስለ ሌለው እሱ ፈራ። ስለዚህ ቦታው ባዶ እንደ ሆነ ትተነው ተመለስን። በድንጋዩ መሠረት እትዬ ፊዳንካ አሁንም በሕይወት አሉ፤ ክቡርነትዎ ሊደርሱላቸው ቢያስቡ ገና አልዘገዩም።