ከፊት ያለው ጉድጓዱን ያሳያል

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ዛሬም ያው ካርድ ክፍል። ካርድ ማውጣት፣ ካርድ መመለስ። «እህት፣ የኔ ተራ አልደረሰም?» አልደረሰም አባቴ፣ አልደረሰም። የዓይን ክሊኒክ ስለሆነ ነው መሰለኝ ሁሉም አፍጥጦ የሚያየኝ። ሦስቴ ተነስቼ ውሃ ጠጣሁ፤ ሳይጠማኝ። ምን ሆኜ ነው?

አባዬ የዓመት ፈቃድ ላይ ነው። እሑድ፣ በየዓመቱ እንደምናደርገው፣ በብስክሌት ሸለቆውን እንወርዳለን። ወንዙን ተከትሎ መውረድ፣ እዚያው መዋል፣ ሳይመሽ መመለስ። እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ያስተማረኝ ሕግ አለ፤ ከፊት ያለው ጉድጓድ ሲያይ እጁን ወደ ታች ዘርግቶ ያሳያል። ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ የነዳ ሰው ነው። ሕግ ይወዳል።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

የአባዬ መንጃ ፈቃድ እድሳት ደርሷል። የዓይን ምርመራው የሚመጣው ዓርብ፣ እኛው ክሊኒክ። «የዓይን መመርመሪያው ሰሌዳ ያው የድሮው ነው?» አለኝ ምሳ ላይ። ያው ነው አልኩት። እማዬ ቶሎ ብላ ወሬ ቀየረች። ለምን?

እሑድ፣ ጥቅምት 9

ደክሞኛል። ግን ካልጻፍኩት እፈነዳለሁ።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ወጣን። ተራራው ገና ጉም ለብሷል፣ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ቁልቁለቱን ስንጀምር ደስ አለኝ… ከስንት ጊዜ በኋላ። ወንዙ በስተቀኝ ይጮሃል፣ አባዬ ያፏጫል።

የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ እጁን አልዘረጋም። ዘው ብሎ ገባበት፣ እኔም ተከተልኩ። ረስቶ ነው አልኩ። ሁለተኛውም ላይ እንደዚያው። «ምነው አባዬ፣ ወገቤን ልትጨርሰው ነው?» «አንቺስ ዓይን የለሽም እንዴ?» ብሎ ሳቀ። እኔም ሞኟ ሳቅሁ። ከዚያ አንድ ቦታ ላይ እጁን ዘረጋ። ጉድጓድ ግን የለም። የድሮው ጉድጓድ ተደፍኗል፤ አዲስ ጥቁር አስፋልት። እንዴ?

ወንዙን የምንሻገርበትን ድልድይ ባለፈው ሳምንት ለጥገና ዘግተውታል። መሃሉ ፈርሷል። አባዬ ፈቃድ ላይ ስለሆነ አልሰማም። አጥር የለ፣ ምን የለ፤ በር የሚያህል ቀይ ሰሌዳ ብቻ ቆሟል፣ «ወደ ግራ ይታጠፉ» የሚል። እኔ ከሩቅ አየሁት። እሱ ፍጥነት አልቀነሰም። ያው ፉጨቱ…

«አባዬ ቁም! ቁም!»

ፍሬን ያዘ፣ ተንሸራተተ፣ በጎኑ ወደቀ። ከጎማው እስከ ጫፉ ሦስት እርምጃ። ከሥሩ ድንጋይና ውሃ።

«ላስደነግጥሽ ብዬ እኮ ነው» አለ፣ ክርኑ እየደማ።

«ሰሌዳው ምን ይላል? አንብብልኝ።»

ዞር ዞር አለ። «የቱ ሰሌዳ?»

ወንዙ ዳር ተቀመጥን። ዳቦውን ማንም አልነካው። በመጨረሻ ነገረኝ፤ የሚያየው ነገር መሃል መሃሉ ጠፍቶበታል፤ ዳር ዳሩን ነው የሚያየው። ከአምና ጀምሮ። እማዬ ታውቃለች። «አውቶቡሱንስ?» አልኩት። «መንገዱን በቃሌ አውቀዋለሁ።» «ድልድዩንም በቃልህ ታውቀው ነበር!» አባቴ ላይ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። ስድሳ ሰው ይጭናል… ስድሳ!

ክርኑን በወንዙ ውሃ እያጠበ፣ ቀስ ብሎ፦ «ሰሌዳው ያው ከሆነ… አቅጣጫዎቹን ጻፊልኝ።» ክሊኒካችን ሰሌዳ ላይ ያሉት ምልክቶች እግራቸው ወዴት እንደዞረ መናገር ነው ፈተናው። ቀኝ፣ ግራ፣ ላይ፣ ታች። «ጡረታዬ ሁለት ዓመት ነው የቀረው። ከመሪው ከተነሳሁ ምን ልሆን ነው፣ የኔ ልጅ?»

ተነስቼ ብስክሌቴን አነሳሁ። ስንመለስ እኔ ከፊት ሆንኩ። እጄን ብዘረጋ አያየኝ… ስለዚህ ጮህኩ። «ጉድጓድ በቀኝ! ድንጋይ በግራ!» ዳገቱን ሙሉ። ጉሮሮዬ ተላጠ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

እማዬን አላናገርኳትም። እሷም አላየችኝም፤ አንድ ሽንኩርት ስትከትፍ ዋለች።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ጻፍኩለት። አዎ። ሰው ለምሳ ሲወጣ ሰሌዳው ፊት ቆሜ እስከ መጨረሻው ረድፍ ገለበጥኩ። እምቢ ማለት ምን ያቅታል? ግንባሬን ሳመኝ። ስድሳውን ሰው አስባለሁ፣ እሱን አስባለሁ፣ ተነስቼ እንጎራደዳለሁ። ከጓዳ ድምፃቸው ይሰማል፤ እማዬ ታነባለች፣ እሱ ይከተላል። «ቀኝ፣ ታች፣ ታች፣ ግራ…» እንደ ተማሪ። አፈርኩ። ለሦስታችንም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

መርማሪዋ ጓደኛዬ ናት። ልነግራት ሁለቴ በሯ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። አባዬ ክራቫት አስሮ መጣ። ካርዱን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ገባ። አምስት ደቂቃ እንኳ አልቆየም።

እሱ ወጥቶ ሲሄድ ጓደኛዬ ክንዴን ያዘች። «አባትሽ ገና ሁለተኛው ረድፍ ላይ ‹አይታየኝም ልጄ፤ አይታየውም ብለሽ ጻፊ› አሉኝ።»

ሮጬ መንገድ ላይ ደረስኩበት። «ረሳኸው?»

«ምኑን እረሳለሁ!» አለና ጀመረ። ቀኝ፣ ታች፣ ታች፣ ግራ፣ ላይ… እስከ መጨረሻው ረድፍ። አንዷን አልሳተም።

«ታዲያ ለምን?»

«ከኋላዬ አንቺ ነበርሽ እኮ፣ ያን ቀን። ብገባ ተከትለሽኝ ትገቢ ነበር።»

መሃል መንገድ ላይ አለቀስን። ሰው አየን። ይየን።

እሑድ፣ ጥቅምት 23

ሳምንቱን ሙሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ዛሬ ግን ብስክሌቶቹን አወጣሁና ደወሉን አቃጨልኩበት። አሻፈረኝ አለ። ደጋግሜ አቃጨልኩ። እማዬ «ኧረ ተነስና ገላግለን!» ስትለው ተነሳ።

በሩ ላይ እንደ ልማዱ ከፊቴ ቆመ።  ከዚያ ብስክሌቱን እየገፋ አልፎኝ ወደ ኋላ ሄደ።

«በይ ንጂ፣ ሾፌር። አፍሽን እንዳትዘጊ።»

ቀስ እያልን ወረድን፤ እኔ ስለፈልፍ፣ እሱ «እሺ፣ እሺ» ሲል። ድልድዩ ጋ «ወደ ግራ!» አልኩ። የጎማው ድምፅ ከኋላዬ ታጠፈ። በጊዜያዊው መሻገሪያ ተሻገርን። ከዚያ ማፏጨት ጀመረ።

ይህን ሁሉ ስጽፍ አንዴም አልተነሳሁም። ድምፄ ግን ጭራሽ ተዘግቷል፤ ነገ ተራ የደረሰውን ሰው በጥቅሻ ነው የምጠራው።