የደረጀ ጣት ልክ

ሐሙስ፣ ግንቦት 15 ቀን 1977 ዓ.ም. ድሬዳዋ

የደረጀ ደብዳቤ ዛሬ ከግንባር ደረሰኝ። «የጣቴን ልክ በክር ለክቼ አብሬ ልኬልሻለሁ» ይላል። ፖስታው ተከፍቶ እንደገና ታሽጓል፤ ክሩ የለም። ደብዳቤ መርማሪዎቹ ምን መስሏቸው እንዳወጡት እንጃ። ማንን ሄጄ ልጠይቅ?

እንዲያም ሆኖ የእማዬን የወርቅ ጉትቻ ይዤ፣ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሬ፣ ወርቅ ሠሪው ጋሽ አብዶሽ ዘንድ ሄድኩ። ጉትቻው ቀልጦ የሁለታችንም የጋብቻ ቀለበት ይሆናል። «ንጹሕ ወርቅ ለወታደር እጅ ይለሰልሳል፤ ትንሽ መዳብ ልቀላቅልበት» አሉኝ። እሺ አልኩ። በደረጀ ቀለበት ከላይ የሐረግ ቅርጽ፣ ከውስጥ ስሜን እንዲቀርጹበት ተስማማን። ከዚያ የጣቱን ልክ ጠየቁኝ።

የሆነውን ነገርኳቸው። ጉትቻውን በመዳፋቸው መዘኑና «አቦ ልጄ፣ ቢጠበው የምጨምርበት ወርቅ የለም እኮ» አሉ።

ለሠርጋችን የተፈቀደለት ሦስት ቀን ብቻ ነው። መጥቶ ይለካ ብል ቀለበቱ ለሠርጉ አይደርስም።

እሳት የበላውን እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉልኝ። «ከዚህ ይወፍራል ይቀጥናል?»

ብዙ አየሁት። ደረጀ ከሄደ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ድምፁን አስታውሳለሁ፣ አረማመዱንም። ጣቱን ግን አጣሁት።

«ልክ እንደርስዎ ነው» ብዬ ወጣሁ።