አግዳሚዬ ላይ ተቀምጦ «ተፈልጎ አልተገኘም» ስለተባለው ሰው

ለክቡር የጥበቃ ትእዛዝ አስፈጻሚ ክፍል ኃላፊ፣

ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ወንበርዎና የበርዎ ዘበኛ ሁሉም ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ሚስቴን የቀበርኩ፣ አንዲት ልጅ የቀረችኝ ሽማግሌ አናጢ ነኝ። ማመልከቻ ጸሐፊው «ላሳምርልዎ» ቢለኝም እምቢ ብዬ በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ፤ ፊደሌ ቢንጋደድ ነገሬ አልተንጋደደም። ባለቤቴ በሕይወት ብትኖር ኖሮ ወረቀትም ባላስፈለገ፣ በምላሷ ታደርስልዎ ነበር።

በቅድሚያ ላመስግን። አማቼ የነበረው ሰው የልጄን ክንድ ከሰበረ በኋላ ዳኛው ወደ ቤቷም ወደ ሥራዋም እንዳይደርስ ትእዛዝ ሰጡላት። ማኅተሙ እንዴት ያምራል! ከዚያ በኋላ ነው የእርስዎ ክፍል «ትእዛዙ እጁ ላይ ካልደረሰ አይሠራም» ብሎ ያስተማረን። ቡጢ ግን ያለ ፊርማም ይደርሳል።

ስለዚህ ቅሬታዬን በትሕትናና በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ትእዛዙን እንዲያደርስ የላኩት ሠራተኛ ሰፈራችን ድረስ ስለደከመ እግሩን ይባርከው። እኔ ሚስማር ልገዛ ወጥቼ ነበር። በሬ ላይ ሲደርስ፣ ለመንገደኛ ማረፊያ ብዬ ከአጥሬ ሥር በሠራሁት አግዳሚ ላይ አንድ ሰው ተቀምጦ አገኘና «ወንድሜ፣ እገሌ የሚባል ሰው ታውቃለህ?» ብሎ ራሱን እገሌን፣ ያንኑ አማቼን ጠየቀው። እገሌም «እሱማ አገር ለቆ ሄደ እኮ!» አለው። ሠራተኛዎም አመስግኖ፣ እጁን ጨብጦ፣ «ተፈልጎ አልተገኘም» ብሎ ጽፎ ተመለሰ። ልጄ ይህን ሁሉ ከበሩ ጀርባ ቆማ ሰምታለች። ወጥታ «እሱ ራሱ ነው!» እንዳትል፣ በሩን ስትከፍት መጀመሪያ የሚደርስባት እሱ ነው።

ሁለተኛ፤ በማግስቱ መስኮታችሁ ዘንድ ቀርቤ ሰውዬው እዚያው አግዳሚዬ ላይ እንዳለ ባስረዳ፣ ጸሐፊዋ ቀና እንኳ ሳትል «አባባ፣ አግዳሚ አድራሻ አይሆንም» አለችኝ። ቀጥላም «ካወቀችው ልጅዎ ራሷ ይዛው ትምጣ» ብላ መከረችኝ። በተሰበረው ክንዷ ይሁን በደህናው አልነገረችኝም።

ሦስተኛ፤ ጎረቤቱ ሁሉ «አግዳሚውን ንቀለውና ተገላገል» ይለኛል። አልነቅልም! ለደከመው ሰው ነው የሠራሁት፤ ያጠፋው አግዳሚው አይደለም። ብነቅለውስ ቆሞ አይጠብቃትም? ልጄ የልብስ ስፌት ሥራዋን ትታ ቤት ውላለች፤ በር በተንኳኳ ቁጥር መቀሷን ታነሣለች። እኔም አንዱን መቀርቀሪያ አጥብቄ ሌላውን እጨምራለሁ፤ ውሎዬ ቁጭ ብድግ ሆኗል። ሰባሪው ፀሐይ ይሞቃል፣ የተሰበረችው ተቆልፎባታል። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይባላል፤ የኛ ጅብ ግን አልሄደም፣ እግሩን አንፈራጥጦ ተቀምጧል። አገር የለቀቀው ውሻው ነው።

አራተኛውን ልጄ «አባዬ በሞቴ፣ ይህንን እንኳ ተወው» ስላለችኝ ትቼዋለሁ። ስድብ ነበረበት።

ልመናዬ አጭር ናት፦ ሠራተኛዎ ተመልሶ ይምጣ፤ እኔ በጣቴ አሳየዋለሁ፤ እሱም ወረቀቱን ይስጠው። ሌላ አልጠይቅም።

የክቡርነትዎ በር በተንኳኳ ቁጥር እንግዳ እንጂ ሌላ አያምጣብዎ እያልኩ፣ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ፤ ጉልበቴ እምቢ ስለሚለኝ ግን ብዙ አልጎነበስኩም።

የልጄ አባት

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፦ ደብዳቤውን ወደ ቢሮዎ ከመላኬ በፊት አንድ ግልባጭ ከአግዳሚው በላይ፣ አጥሬ ላይ በሚስማር መትቼው ነበር። መንገደኛው ቆም ብሎ ያነባል፤ አንብቦም ከሥር የተቀመጠውን ሰውዬ ያየዋል። ዛሬ ጠዋት ሰውዬው ተነሥቶ መንገዱን ተሻግሮ ማዶ ቆሟል። ከማዶም ሆኖ በራችን ይታየዋልና ልጄ አሁንም አልወጣችም። ይሁን እንጂ የአንድ መንገድ ስፋት ያህል እንኳ ያራቀው ይህ የተንጋደደው ፊደሌ ነው። ባለማኅተሙ የእርስዎ ወረቀትስ፣ መሳቢያው ውስጥ ተመችቶታል?