የነባዊያ እናት የተናገረችው

ውድ የነባዊያ እናት፣

እንደምን ከርመሻል? መንደሩ በሙሉ በወንድ ልጅሽ ስም «የሀሪዲ እናት» እያለ ሲጠራሽ እኔ ብቻ በሴት ልጅሽ እጠራሽ ነበር፤ ተማሪዬ እሷ ነበረችና። አፌ ለምዶታል፣ አሁን አልቀይረውም።

ባለፈው ሳምንት ነባዊያ ደወለችልኝ። ቁጥሬን ከአክስቷ ልጅ ነው ያገኘችው። ድምጿን አላወቅሁትም፤ ተማሪዎቼ እንደሚጠሩኝ «አብላ ኢንሺራሕ» ስትለኝ ግን ያቺ መስኮቱ ሥር የምትቀመጠው ቀጭን ልጅ ፊቴ ላይ ድቅን አለች። ብዙ አወራን። በመጨረሻ «እናትሽ ያስጀመረችው ነገር የት እንደደረሰ ሰምታለች አይደል?» አልኳት። «የቱ ነገር?» አለችኝ። ለካ ወደ ሰሜን፣ ወደ አዲሱ የእርሻ መሬት ከሄዳችሁ በኋላ የሆነውን የነገራችሁ ሰው የለም! ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ! አፍሬ ስልኩን ዘጋሁና ይህን ደብዳቤ ጀመርኩ። ነባዊያ ታነብልሻለች።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከከተማ መጥቼ ሸንኮራ ከሚጭነው ባቡር ሐዲድ አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነበር። እግዜር ይስጥሽ፣ በዚያ መንደር መጀመሪያ ሰው ያደረግሽኝ አንቺ ነሽ። በዕረፍት ሰዓት ለነባዊያ ከሸንኮራ የሚነጠረውን ጥቁር ማር የተቀባ፣ ፀሐይ ላይ የቦካ ዳቦ በትምህርት ቤቱ አጥር ላይ ስታቀብያት እኔን አየሽኝና ጮክ ብለሽ ጠራሽኝ።

«አብላ! ነይ እስኪ ወዲህ። ምነው እንዲህ መነመንሽ? አስተማሪ እህል አይቀምስም የሚል ሕግ ወጣ እንዴ?»

ግማሹን ቆርሰሽ ሰጠሽኝ። አጥሩ ሥር ቆሜ፣ ተማሪዎቼ እያዩኝ፣ ጣቴን እየላስኩ በላሁ። ከማግስቱ ጀምሮ ሁለት ዳቦ ይዘሽ መምጣት ጀመርሽ። ሸንኮራ በሚጨመቅበት ወራት አየሩ ሁሉ ጣፋጭ ጣፋጭ ሲሸት፣ ሳቅሽ ከመስኖው ቦይ ማዶ ሲሰማ፣ ዛሬም ድረስ ዓይኔን ስጨፍን ያለሁት እዚያ ነው።

ከዚያ ነባዊያ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ሰሌዳው ፊት ወደቀች። ተሸክሜ ጤና ጣቢያ ስወስዳት ሰውነቷ እንደ እሳት ይፋጅ ነበር። ሐኪሙ መርምሮ፣ «ኩላሊቷ ነው። ይህች ልጅ ውሃ አትጠጣም እንዴ?» አለ። አንቺም ሰምተሽ ደርሰሽ ነበርና በጆሮዋ ጠየቅሻት፤ እሷም በጆሮሽ መለሰችልሽ። የሴቶቹ መጸዳጃ በር ከተነቀለ ሁለት ዓመት ሆኖታል፣ ወንዶቹ ኳስ ከሚጫወቱበት ሜዳ ጋር ፊት ለፊት ነው፣ ቧንቧውም ደርቋል። ስለዚህ ሴቶቹ ልጆች ከእንቅልፋቸው ከተነሡ ጀምሮ ቤታቸው እስኪመለሱ ድረስ ጠብታ ውሃ አይቀምሱም። አንዷ ለሌላዋ ያስተማረችው ዘዴ ነው። ባልሽም በዚያው ቀን፣ «በቃ፣ ቤቷ ትቀመጥ። ፊደሉን እንደሆነ ለይታለች» አለ።

አንቺ ግን ለወላጆችና መምህራን ኅብረት ስብሰባ መጣሽ። ከወላጆቹ መካከል ሴት አንቺ ብቻ ነበርሽ። ርዕሰ መምህሩ ኡስታዝ ሻዝሊ ስለ ባንዲራ መስቀያው ምሰሶ ቀለም አንድ ሰዓት ተናገረ። ሲጨርስ ተነሣሽ።

«ልጄ ውሃ አትጠጣም» አልሽ። «የማትጠጣው የምትሸናበት ስለሌላት ነው።»

አባቶቹ አጎነበሱ፤ አንዱ አፉን በሻሹ ጫፍ ሸፍኖ ሳቀ። ኡስታዝ ሻዝሊ ጆሮው ቀላ። «ሴትዮ፣ ይሄ የተከበረ ስብሰባ ነው። የጓዳ ወሬሽን ጓዳሽ አውሪ!»

ያኔ ወደ እኔ ዞርሽ። «አብላ ኢንሺራሕ፣ አንቺስ? ከጠዋት እስከ ሰባት ሰዓት እዚህ ትውያለሽ። የት ነው የምትሄጂው?»

እኔም አልጠጣም ነበር። የመምህራኑ መጸዳጃ ቁልፍ በኡስታዝ ሻዝሊ ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ ነበር፤ እሱን «ቁልፉን ስጠኝ» ከማለት ምላሴ ቢደርቅ እመርጥ ነበር። ይህን እያወቅሁ አንገቴን ደፋሁ። አንቺም ነጠላሽን አስተካከልሽና ወጣሽ።

ነባዊያ፣ እዚህ ጋ ዘለል እንዳታደርጊ። የኅብረቱ ጸሐፊ እኔ ነበርኩ። በቃለ ጉባኤው ላይ «ከወላጆች የቀረበ ሌላ ጉዳይ የለም» ብዬ ጻፍኩ። በእጄ፣ በሚያምረው ጽሕፈቴ። እናትሽ ያንን አታውቅም፤ ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ከወር በኋላ በተደረገው ስብሰባ ላይ የሆነውን እንኳ አብረን ስቀንበታል። አሥራ ሰባት እናቶች አስከትለሽ፣ በባልዲ የሸንኮራ ጭማቂ አሸክመሽ፣ ትልቁን የሻይ ጀበና በራስሽ ላይ ይዘሽ ገባሽ። «ባለፈው ስላስቀየምኳችሁ ነው» አልሽ፣ ዓይንሽን ሰበር አድርገሽ። ወንዶቹ ደስ አላቸው። ጭማቂ ጠጡ፣ ሻይ ደገሙ፤ ብርጭቆው ሳይጎድል ትሞያለሽ። የኅብረቱ ሊቀ መንበር ሀጅ ቀናዊ ብቻቸውን አምስት ብርጭቆ ጭማቂ ጠጡ። ሰዓቱ ሲገፋ ወንዶቹ ወንበራቸው ላይ መቁነጥነጥ ጀመሩ። መጀመሪያ የተነሡት እሳቸው ናቸው።

«ቁልፉ የት አለ?» አሉ ቀስ ብለው።

ኡስታዝ ሻዝሊ መሳቢያውን ከፈተ፤ ባዶ ነው። አንቺ በሩ ላይ ቆመሽ ነበር።

«ዘበኛው ብሻይ ሊያጸዳ ወስዶት ወደ ገበያ ሄዷል አሉ። ግን ሀጅ፣ ምን ቸገረዎት? የሴቶቹ ልጆች መጸዳጃ አለ አይደል? በር የለውም እንጂ ቤቱስ ደህና ነው። ግቢው ውስጥ ያለነውም እኛ ሴቶች ብቻ ነን።»

አሥራ ሰባቱ እናቶች ሜዳው ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው ወደ መጸዳጃው ነው። ሀጅ ቀናዊ አዩዋቸው። ግራ ተጋቡ፣ ከዚያ ገባቸው። ሆዳቸውን ይዘው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ «አንቺ ሴት፣ አታስቂኝ፣ ሰው ፊት ታዋርጅኛለሽ!» ድንገት ሳቃቸው ቆመ።

«እኔ ሽማግሌው ሁለት ሰዓት አልቻልኩም» አሉ። «እነዚያ ሕፃናት ስንት ሰዓት ነው የሚችሉት?»

ኡስታዝ ሻዝሊ ግን አልተሸነፈም። «ተጋኗል! አንድም መምህር አቤት ብሎኝ አያውቅም!»

ተነሣሁ። «እኔ ልበል» አልኩ። «እኔም አልጠጣም። እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ።» ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ያየሁት አንቺን ብቻ ነበር። አንቺ ግን አላየሽኝም፤ ብርጭቆ ትሰበስቢ ነበር። እስካሁን ይከነክነኛል፤ ሰምተሽኝ ነበር?

ከዚያ በኋላ ከእናቶቹ ጋር ሦስት ጊዜ ሀጅን አስከትላችሁ ወረዳው ትምህርት ቢሮ ሄዳችሁ፤ ሦስቴም «ለሚመጣው ዓመት» ተባላችሁ። ባልሽ መሬት ደረሰውና ጓዛችሁን ጭናችሁ ሄዳችሁ። ነባዊያ መኪናው ላይ ፍራሽ ተደግፋ እጇን ስታውለበልብልኝ ክፍል ውስጥ ነበርኩ፤ አልወጣሁም። ምን ብዬሽ እንደምሰናበትሽ አላውቅም ነበር።

የማታውቂው እንግዲህ ይሄ ነው። በሄዳችሁ በሳምንቱ ሀጅ ቀናዊ ብቻቸውን ተመልሰው ቢሮው ደረጃ ላይ ተቀመጡ። ኃላፊው «ነገ ይመለሱ» ቢላቸው፣ «ሰባ ዓመት አልፎኛል፤ የምቸኩልበት የለኝም» አሉት። ቀኑን ሙሉ የሚገባና የሚወጣውን ሰው ሁሉ እያስቆሙ የእናንተን ልጆች ጉዳይ፣ ያለ አንዳች እፍረት፣ ከነዝርዝሩ ተረኩለት። በሦስተኛው ቀን የቧንቧ ሠራተኛ ተላከ። እነዚያ እናቶች ጡብ አመላለሱ፤ ያ አፉን በሻሹ ሸፍኖ የሳቀው አባት ግንቡን ሠራ። በሩን ብሻይ አንጠለጠለው፤ መቀርቀሪያውን ከውስጥ በኩል፣ ትንሿ ልጅ በምትደርስበት ቁመት ላይ መታው።

እኔ በዓመቱ መጨረሻ ወደ ሩቅ ትምህርት ቤት ተዛወርኩ። ኡስታዝ ሻዝሊ «ለሥራው ጥቅም» ብሎ ጻፈ። አልከፋኝም። ሁለት ዓመት ቆይቼ ተመለስኩ፤ ነባዊያ ደግሞ እዚያ ሰሜን ትምህርቷን እንደቀጠለች፣ አንቺም አባቷን እስኪሰለቸው እንደጨቀጨቅሽው ያለፈው ሳምንት ነገረችኝ። ጎሽ!

ግን በሩ ስለተሰቀለበት ቀን ልንገርሽ። የዕረፍት ደወል ተደወለ። ሴቶቹ ልጆች እንደ ልማዳቸው ጥላ ሥር ተኮለኮሉ፤ ማንም አልተነሣም። ከዚያ የሁለተኛ ክፍሏ ፈርሐና ብድግ ብላ ወደ ቧንቧው ሄደች፣ አፏን አስጠግታ ጠጣች፣ ቀና ብላ ዙሪያዋን አየች፣ ደግማ ጠጣች። ሁሉም ተነሥተው ሮጡ። ተጋፉ፣ ተረጫጩ፣ ተሳደቡ፤ ቀሚሳቸው እስከ ጉልበታቸው ራሰ። «በተራ!» ብዬ ልጮህ ሄጄ ነበር። ተውኩት። እኔም ጎንበስ ብዬ ከእነሱ ጋር በእጄ ጠጣሁ።

በጤና ቆዪልኝ፣ እህቴ።

የምትወድሽና ይቅርታሽን የምትጠብቀው
ኢንሺራሕ