በጎሬ ሜዳ የጠራሁት ስም

ለውዱ ባለቤቴ፣

ከተለየኸኝ ሦስት ክረምት አለፈ። ስትሄድ በሆዴ የነበረችው ልጅህ ዛሬ በግራ እጇ የበቆሎ ቆረቆንዳ እየወረወረች የጎረቤት ዶሮ ታባርራለች። አጥሩን አሳልፋ ስትልከው እናትህ ይስቃሉ፣ ከዚያ ያለቅሳሉ። ጓንትህ በር ጀርባ ተሰቅሏል፤ አዲሱ በረኛ ቢለምነኝም አልሰጠሁትም።

የቡና ማበጠሪያ ድርጅቱ ለኳስ ቡድኑ ብሎ ሲቀጥርህ መቱ ሁሉ ያሾፍ ነበር፤ ቆሞ ለሚውል በረኛም ደመወዝ አለ ወይ እያለ። ኳሷን በእጅህ ከመሃል ሜዳ አሳልፈህ ስትወረውር ሹፈቱ ቀረ። እጅህን አይተው በኦሮምኛ «ሀርካ»፣ እጅ፣ አሉህ፤ ስሙ እስከ ጎሬ ተሰማ።

የውትድርናው ዝርዝር ላይ ስምህ ሲወጣ ዳሪሙ ገጠር፣ አጎትህ ዘንድ ተደበቅህ። ከጎሬ ጋር የምንጫወት ቀን ግን አላስቻለህም። ኮፍያህን ደፍተህ በወንድምህ ስም ገባህ። ኳስ በእግርህ እንጂ በእጅህ አርቀህ እንዳትልክ አስምዬህ ነበር።

በጭነት መኪና የመጣው የመቱ ደጋፊ በሙሉ አውቆሃል፤ በሙሉ አፉን ይዞ ተቀምጧል። ከውትድርና የሸሸ የሚያድኑት የጎሬ ጠባቂዎች ጠመንጃ ይዘው መስመሩ ዳር ቆመዋል። አንድ ለዜሮ እየመራን፣ ሊያልቅ ሲል፣ ኳሷን ያዝክና ወረወርካት። ብድግ ብዬ «ሀርካ» አልኩ። ከእኔ በቀር የጮኸ የለም። ከጎኔ የነበሩት ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን ጋሼ ከድር ነጠላዬን ጎተቱኝ፤ ጠባቂዎቹ ግን ስሙን ሰምተው ዞረው ነበር፤ ከሜዳው ይዘው ወደ ሰሜን ጦር ሰደዱህ።

መርዶህ ከሰሜን ከመጣ ወዲህ እናትህ ጠዋት ጠዋት «ልጄን ያስያዘውን ምላስ ይቁረጠው» ይላሉ። እኔ አጠገባቸው ቁርስ አቀርባለሁ። የመቱ ሰው ለአንተ ዝም እንዳለ ለእኔም ዝም አለ። ጋሼ ከድር የእናትህን ዓይን ማየት ቢያቅታቸው፣ እናትህ ያስያዙህ እሳቸው ናቸው ብለው ደመደሙ። ትናንት ለልጅህ የሰፉትን ቀሚስ ይዘው ቢመጡ ከደጅ መለሷቸው። ሰውዬው እኔን ሳያጋልጡ ቀሚሱን አጣጥፈው ይዘው ሄዱ። ከዚህ በላይ አልችልም።

ነገ ጠዋት የጮህኩት እኔ መሆኔን ለእናትህ እነግራቸዋለሁ። ቤቱ የእሳቸው ነው፣ ሊያስወጡኝ ይችላሉ፤ ፈርቻለሁ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ያን ስም ከአፌ አውጥቼ አላውቅም። ልጅህ ከ«አባዬ» ሌላ የምታውቀው የለም። የትም ብናድር ከነገ ጀምሮ አስተምራታለሁ፤ እኔም እስክሞት አልረሳውም። እንደ እናቷ ጮክ ብላ ትጥራህ፤ ከእንግዲህ የሚይዝህ የለም።